በዐቢይ ጾም ከማዕዳችን የሚቀረውን ለተቸገረ እንዴት እናድርስ?

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም የተጻፈውና በግእዝም ተተርጉሞ የቆየልን የሄርማስ መጽሐፍ ስለ ጾም ሲያስተምር፣ በጾሙ ቀን ከኅብስትና ከውኃ በቀር ምንም ሳትቀምስ፣ በዚያ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልተህ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ሰው ስጥ ይላል። ከዚያው ዘመን ሳንርቅ የአቴናው አርስቲደስ ስለ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው መከላከያ፣ በመካከላቸው ድሃ ቢኖርና የሚሰጡት ትርፍ ምግብ ቢያጡ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጾመው ለእርሱ የሚሆነውን እንደሚያገኙለት መስክሯል። በእኛም ዘንድ፣ በፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ከሚናገረው አንቀጽ 15 ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ 16 ስለ ምጽዋት የሚናገር ነው። ሁለቱ እንዲህ ተከታትለው የተቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ከጾመኛው አፍ የቀረው ጉርሻ ለማን እንደሚሄድ ከመጀመሪያውም የታወቀ ነበር።

ዛሬ ግን በብዙ ቤት ይህ ጉርሻ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ለ55 ቀን ከአስቤዛው ቢወጡም፣ የጾሙ ወጥ በዓይነት እየበዛ፣ ከቤት ውጭ የጾም ኬክና የጾም በርገር እየተገዛ፣ የተረፈውም ለፋሲካው በግ እየተጠራቀመ፣ ጾሙ ሲፈታ ለድሃ የሚሆን ነገር ሳይገኝ ይቀራል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ጾመው ሳለ እግዚአብሔር ለምን እንዳላየላቸው ይጠይቁ ለነበሩት ሰዎች የሰጠው መልስ፣ እንጀራን ለተራበ መቍረስ፣ የተራቈተውን ማልበስ፣ ከሥጋ ዘመድም አለመሸሽ የሚል ነው። ከጾም የቀረው ገንዘብ ከቀረበት ሰዓት ጀምሮ የሌላ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ በሒሳብ ተለይቶ፣ በጊዜው፣ ተቀባዩን በማያሳፍር መንገድ መድረስ አለበት። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተዘጋጀው እንደ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚጾም ቤተሰብ ነው፤ ሆኖም የካቶሊክም ሆነ የወንጌላውያን አማኞች በየራሳቸው የጾም ጊዜ ሊሠሩበት ይችላሉ።

ጾሙ ሳይገባ ሒሳቡን መሥራት

ጾመ ነነዌ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት ዐቢይ ጾም ስለሚገባ፣ በመካከል ያሉት ቀናት ለዝግጅት የሚመቹ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ባልና ሚስት፣ ወይም የቤቱን ወጪ የሚያውቁ ሁሉ፣ ተቀምጠው አንድ የተለመደ የፍስክ ሳምንት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ይጻፉ። የቅበላው ሳምንት ግን ለዚህ አይሆንም፤ በቅበላ የሚወጣው ወጪ ከልማዱ ስለሚያልፍ በእርሱ የተሠራ ሒሳብ ትክክለኛ አይሆንም። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ በፍስኩም ወራት ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ስለሆኑ፣ አንድን የፍስክ ቀን ከአንድ የጾም ቀን ጋር አነጻጽሮ በ55 ማባዛት የሌለ ገንዘብ እንዳለ ያስመስላል። ስለዚህ ሙሉ ሳምንትን ከሙሉ ሳምንት ጋር አነጻጽሩ።

በጾሙ ሳምንት በኩል የሚጨምረውንም ወጪ በሐቅ ጻፉት። በጾም ዘይትና ሽንኩርት ከወትሮው በላይ ይፈጃል፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ አትክልቱና ሱፉም ዋጋ አላቸው። እነዚህን ሳይቆጥሩ በችኮላ ትልቅ ቁጥር መወሰን በሦስተኛው ሳምንት ቤቱን ያጨናንቅና፣ ተስፋ የተሰጠውንም ሰው ያሳዝናል። በሌላ ወገን ደግሞ ጠዋት በሥራ ቦታ አካባቢ ይበላ የነበረው ቁርስና ማኪያቶ፣ ከባልደረባ ጋር ይበላ የነበረው ጥብስ፣ ለልጆች ይገዛ የነበረው እርጎ በቤት አስቤዛ ውስጥ ስለማይጻፉ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ የቁርሱን ገንዘብ ብቻ ቢያስቀምጥ እንኳ የሚጠራቀመው ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ ያህል፣ አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት በፍስክ ሳምንት ለምግብ 6,200 ብር፣ በጾም ሳምንት ደግሞ 4,800 ብር ያወጣል እንበል። ልዩነቱ በሳምንት 1,400 ብር፣ በቀን 200 ብር፣ በ55 ቀን 11,000 ብር ይሆናል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይሥራ። ይህን ምሳሌ ግን እስከ መጨረሻው እንጠቀምበታለን።

ፍስኩም ጾሙም በሽሮ የሚያልፍበት፣ ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ የሚታይበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ልዩነቱን ሲያሰላ ምንም ባያገኝ ሊያፍር አይገባም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ስጦታ የተወደደ የሚሆነው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ጽፏል። የአልጋ ቁራኛ ለሆነ ጎረቤት ውኃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ለብቻቸው ለሚኖሩ አዛውንት እንጀራ ሲጋገር ሁለት እንጀራ ጨምሮ መጋገር ከዚህ መጠን ውስጥ የሚቆጠር ነው። በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት መጾም የማይችል ሰውም ቢሆን ከምጽዋቱ የተለየ አይደለም።

ገንዘቡን መለየት

ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 16 ላይ እያንዳንዱ በሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እንደ ቀናው መጠን በቤቱ እንዲያስቀምጥ፣ መዋጮው እርሱ በመጣ ጊዜ እንዳይሆን ያዝዛል። በዚህ አጭር ትእዛዝ ውስጥ ጊዜው፣ መጠኑና ቦታው ሁሉ ተነግሯል። ስለዚህ የሳምንቱ ድርሻ በየሰንበቱ፣ አስቤዛው ከመገዛቱ በፊት ይነሣ። ወሩ ሲያልቅ የሚተርፈውን እሰጣለሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው አይኖርም፤ ይህም ከክፋት ሳይሆን ገንዘብ ባልተለየበት ቤት ሁሉ የሚሆን ነው።

ማስቀመጫው የተዘጋ ሣጥን ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን በስልክ የሚያንቀሳቅስ ሰው ደግሞ በቴሌብር ወይም በባንክ ሌላ ሒሳብ ከፍቶ ሊለየው ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት ግን ሣጥኑን እመርጣለሁ። ልጅ የከረሜላውን ሳንቲም በገዛ እጁ ሲያስገባና ሣጥኑ ሲከብድ ሲያይ፣ ጾም ከምግብ መከልከል ብቻ እንዳልሆነ ያለ ብዙ ስብከት ይገባዋል። ከሣጥኑ ለቤት ጉዳይ መበደር አይፈቀድ፤ አንድ ጊዜ ለመብራት፣ አንድ ጊዜ ለታክሲ እየተባለ የተወሰደው ሳይመለስ ፋሲካ ይደርሳል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣራ አንድ ጉዳይ አለ። ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ቃል ተገብቶበት የዘገየ ዕዳ፣ የቀን ሠራተኛ የሚጠብቀው ሒሳብ ካለ፣ ያ ምጽዋት ከመታሰቡ በፊት ይከፈል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማው የሠራተኞች ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ ተናግሯልና፣ የሰውን ሐቅ ይዞ ለሌላ ሰው መስጠት ልግስና ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ለማን?

ብዙ ሰው ስለ ምጽዋት ሲያስብ አሳቡ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሄዳል። በደጃፍ ላይ ለሚቀመጡ ወገኖች መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍለጋው ከዚያ ይልቅ ከገዛ ቤት ቢጀምር ይሻላል። በቤታችን የምትሠራው እኅት አብራን ትጾማለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የጾሙን ወጥ የምትሠራውም እርሷ ናት። የምትበላው እኛ ከምንበላው ድስት ነው ወይስ የተረፈውን? ከአገር ቤት ያሉ ወላጆቿ በዚህ ጾም እንዴት ናቸው? ደመወዟስ ከኑሮው ውድነት ጋር ይሄዳል? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልሱ ሣጥኑን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ከቅርቡ ወገን መሸሽ ነው። ቀጥሎ የሥጋ ዘመድ ይመጣል፤ በተለይ ችግሩን ለመናገር የሚያፍር፣ በሰርግና በልቅሶ ብቻ የምናገኘው፣ ከቤተሰብ መካከል ድምፁ የማይሰማ ዘመድ።

በአራተኛው ሳምንት፣ በመፃጉዕ ሰንበት፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለው የ38 ዓመቱ ሕመምተኛ ታሪክ ይነበባል። ያ ሰው ጌታን ያለው ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያኖረኝ ሰው የለኝም ነበር። በየሰፈራችን ሰው የሌለው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚረዱ ሰዎች አሉ። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ መዋጮውን ለወራት ያልከፈለው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። መዋጮ የተቋረጠበት አዛውንት ከእድር እንዳይሰረዙ ይሰጋሉ፤ ከእድር መሰረዝ ደግሞ ለእኛ አገር ሽማግሌ ከረኃብ ያላነሰ ሐዘን ነው፣ ስሞት ማን ይቀብረኛል የሚለውን ጭንቀት ያመጣልና። ውዝፉን መዋጮ ከፍሎ ደረሰኙን በጸሐፊው በኩል ማድረስ፣ በእኔ ግምት፣ ከጾም በተረፈ ገንዘብ ሊደረጉ ከሚችሉ መልካም ነገሮች ሁሉ ከፊተኞቹ መካከል ነው።

የሰፈሩ ባለ ሱቅም ያውቃል። በዱቤ መዝገቡ ላይ ዘይትና ሳሙና፣ ሽሮና ዱቄት ወስደው መክፈል ያቃታቸው ቤተሰቦች ስም አለ። ባለ ሱቁ ስማቸውን እንዲነግራችሁ አትጠይቁት፤ የሰው ገመና ነውና። ልጆች ካሏቸውና ከቆየባቸው መካከል የሁለቱን ዕዳ ይህ ገንዘብ ይዝጋልኝ ብላችሁ ብትሰጡት ይበቃል። እንዲህ ሲደረግ ሰጪውም ተቀባዩን፣ ተቀባዩም ሰጪውን አያውቅም፤ ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ያለው ቃል ይፈጸማል። በእርግጥ ባለ ሱቁ የታመነ ሰው መሆን አለበት፤ በሰፈሩ ረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ይህን ለማወቅ አይቸገርም።

የንስሐ አባትንም ማማከር ይገባል። እርሳቸው የብዙ ቤት ምሥጢር ስለሚያውቁ ስም ሳይጠሩ የት እንደሚያስፈልግ ሊመሩ ይችላሉ። የአብነት ተማሪዎችን ጉዳይም እርሳቸውን መጠየቅ ይቻላል። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በደጃችን የሚቆመው የቆሎ ተማሪ በገጠር ብቻ ያለ አይደለም፤ በከተማ አድባራትም ትምህርት ቤቶች አሉ። ለእነርሱ የሚጠቅመው ትኩስ ወጥ ብቻ ሳይሆን የሚቆይ ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ከዚያም ጋር ሳሙና፣ የባትሪ መብራትና ነጠላ። ለመስጠት የምትፈልጉትን ከመግዛታችሁ በፊት መምህራቸውን ምን እንደጎደለ ጠይቁ።

በሰፈር የሚፈልገውን ሰው ማግኘት ያልቻለ፣ ወይም ድርሻው ከፍ ያለ ቤተሰብ፣ ከተቋማት ጋር መሥራት ይችላል። በአዲስ አበባ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸውን ወገኖች ያኖራል፤ የእማሆይ ትሬዛ እኅቶች ቤትም ጠያቂ የሌላቸውን ሕሙማን ይቀበላል። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ለዓመት በዓል ብዙ ሰው ስለሚጎበኛቸው፣ በጾሙ አጋማሽ በሚገኘው ጭር ያለ ሳምንት መሄድ ይበልጥ ይጠቅማል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የሚያስፈልገውን ብትጠይቁ ደግሞ፣ ልብስ በተከማቸበት ቦታ ልብስ፣ ፓስታ በተትረፈረፈበት ቦታ ፓስታ ከመውሰድ ትድናላችሁ። ለአረጋውያን የሚሆን ዳይፐርና የንጽሕና ዕቃ ሰው ብዙ የማያስበው፣ ነገር ግን በየቀኑ የሚፈለግ ነገር ነው።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ በድርቅ የተጎዳ ሕዝብ አገኙ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ነበር፤ እርሱን አካፈሉ፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትንም ወደ ቤታቸው ይዘው ተመለሱ። ከዚያ የተነሣው ሥራ ለእልፍ አእላፍ ሕፃናት የሚተርፍ ሆነ። እዚህ ላይ የማነሣው ሁላችንም እንደ እርሳቸው እንሁን ለማለት አይደለም፤ እርሳቸው ያን ዳቦ ለመስጠት ሌላ የተሻለ ጊዜ እንዳልጠበቁ ለማስታወስ ነው።

እንዴት እንስጥ?

በማንኛውም ስጦታ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው መጠየቅ ነው። የሚጠየቀውም እንዲህ ባለ አነጋገር ይሁን፤ “እማማ፣ ለጾሙ አስቤዛ ስገዛ ለእርስዎም ልጨምር አሰብኩ፤ ሽሮ ይሻልዎታል ወይስ ምስር?” እንዲህ ሲጠየቁ አዛውንቷ መርጠው ይናገራሉ፤ ከመምረጣቸውም ክብራቸው ይጠበቃል። ሳይጠየቁ የመጣ ከረጢት ግን ብዙ ጊዜ የማይበሉትን ይይዛል፤ ስኳር ያለባት እናት ስኳርና ማርማላታ፣ ጥርስ የሌላቸው አባት ቆሎ ይደርሳቸዋል። ማብሰያ የሌለው ሰው ደረቅ ምስር ምን ያደርግለታል? ከሰል ወይም የተዘጋጀ ምግብ ይሻለዋል።

ጥሬ ገንዘብ ወይስ ዕቃ የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። ገንዘብ ለመጠጥ ይውላል የሚል ፍርሃት ለአንዳንድ ሰው እውነት ቢሆንም፣ ለብዙኃኑ ግን ስድብ ነው። በቤቷ ሦስት ልጆች ያሏት እናት በዚህ ሳምንት የሚያስፈልጋት ዘይት ይሁን የቤት ኪራይ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ተቀባዩን የምታውቁት ከሆነ ገንዘብ ስጡ፤ በፖስታ አድርጋችሁ፣ ብቻውን ሳለ፣ ብዙ ሳትቆዩና ሳትመክሩ። የማታውቁት ከሆነ፣ ወይም የቤቱ ገንዘብ ለሱስ እንደሚውል በእርግጥ ካወቃችሁ፣ ዕቃው ይሻላል፤ ኪራዩን ለባለ ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ መክፈልም ይቻላል።

የሚሰጠው ነገር እኛ የምንጠቀምበት ዓይነት ይሁን። ከሁለት ዓይነት ሽሮ ለራስ የተበጠረውን አስቀርቶ ነቀዝ የገባበትን መስጠት፣ የሻገተ እንጀራን አድርቆ ምጽዋት ብሎ ማቅረብ ለእግዚአብሔር ነውር ያለበትን መሥዋዕት እንደማቅረብ ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀርቡ የነበሩትን እስኪ ለአለቃህ አቅርብለት ብሎ ገሥጿቸዋል።

ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይነሣ። በጎ አድራጎት ተቋማት ለሒሳብ ማስረጃ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ አንድ ቤተሰብ ለጎረቤቱ ዘይት ሲያደርስ ግን ምስክር አያስፈልገውም። አንዲት እናት የዘይት ጀሪካን ይዛ የቆመችበት ፎቶ በማኅበራዊ መገናኛ ከወጣ በኋላ፣ ልጇ በትምህርት ቤት ምን እንደሚባል ማሰብ ይበቃል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱም እነርሱ ዕቃውን ይሸከሙ እንጂ እንዲያዝኑና የሰውን ቤት እንዲያዩ ብላችሁ አትውሰዷቸው፤ ሰላምታ ሰጥተው፣ ጉልበት ስመው፣ ተመርቀው ይመለሱ። የአዛውንቶች ምርቃት ከእኛ ስጦታ ያነሰ አይደለምና በእርጋታ ቆማችሁ አሜን በሉ።

በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ

የብዙ ቤት ድርሻ ሲሰበሰብ አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ይሠራል። አሥራ ሁለት አባላት ያሉት የጽዋ ማኅበር እያንዳንዱ ከጾሙ ከቀረው ሲሶውን ቢያዋጣ የአንድን ሰው የቀዶ ሕክምና ወጪ፣ የአንዲትን እናት የጉልት መነሻ ገንዘብ ሊሸፍን ይችላል። ማኅበርተኞች በጾሙ ወር ተረኛው የሚያቀርበውን ማዕድ በሁለት ዓይነት ወጥ እንዲወሰን ቢስማሙ ደግሞ፣ ከዝግጅቱ ራሱ የሚቀር ገንዘብ አለ። ይህ ስምምነት አስቀድሞ በጋራ መደረግ አለበት፤ አለዚያ ተረኛው እንደ ንፉግ እንዳይታይ ብሎ ከአቅሙ በላይ ያወጣል።

ገንዘቡን ማን ይይዛል የሚለው በግልጽ ይወሰን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በዕለታዊው አገልግሎት የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች ችላ ተብለዋል የሚል ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ነገሩን በዝምታ አላለፉትም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች ተመርጠው በሥራው ላይ ተሾሙ። እናንተም ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ምረጡ፤ አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይመዝግብ፤ የተረጂዎች ስም ግን በእነርሱ ዘንድ ይቅር እንጂ በማኅበሩ ፊት አይነበብ። ሒሳቡን ለመተያየት ስድስተኛው ሰንበት፣ ገብር ኄር፣ የተመቸ ነው፤ በዚያ ዕለት የሚነበበው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው ታሪክ ጌታቸው ሒሳብ ስለተቆጣጠራቸው አገልጋዮች ነውና። በቤታችሁም ቢሆን በዚያ ሰንበት ሣጥኑን ከፍታችሁ የገባውንና የወጣውን አስተያዩ፤ የዘገየ ድርሻ ካለ ከሆሳዕና በፊት ለማሟላት ጊዜ ይኖራል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ የሚጾም ሰው ከአንድ ሳምንት የምሳ ወጪ የሚያስቀረው በአገር ቤት ብዙ ይሠራል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ለማይታወቅ ሰው በማኅበራዊ መገናኛ በወጣ ልመና ብቻ መላክ አይመከርም። ጳውሎስ የብዙ አብያተ ክርስቲያናትን መዋጮ ወደ ኢየሩሳሌም ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ብሎ ሌሎች የታመኑ ወንድሞችን ከራሱ ጋር አብሮ አሰልፏል። እናንተም በሰፈራችሁ የሚኖሩ ሁለት ሰዎችን፣ ለምሳሌ እኅታችሁንና የእድሩን ጸሐፊ፣ በአንድነት አሠሩ፤ ገንዘቡንም በሕጋዊ መንገድ ላኩ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሪ እኅቴ ሆይ፣ ደመወዝሽን ለወላጆችሽና ለታናናሾችሽ የምትልኪ ከሆነ፣ ያ ራሱ ምጽዋት ነው፤ ከዚያ በላይ አልሰጠሁም ብለሽ አትጨነቂ።

ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ

አሁን ወደ 11,000 ብሩ ምሳሌ እንመለስ። ሙሉውን ለበዓሉ ዋዜማ ማቆየት የተለመደ ቢሆንም ልክ አይደለም፤ የተቸገረው ሰው በጾሙም ወራት መብላት አለበት። ከዚህ ይልቅ በየሳምንቱ 600 ብር፣ በስምንቱ ሳምንት 4,800 ብር፣ በጾሙ ጊዜ ይሰጥ። ለበዓሉ 3,200 ብር ይያዝ። የቀረው 3,000 ብር ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ላለው ጊዜ ይቀመጥ፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

ለፋሲካ የሚሰጠው ከሆሳዕና በፊት ይገዛ። ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ዶሮና እንቁላል በሰሙነ ሕማማት ዋጋቸው እንደሚጨምር በገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሽንኩርቱንና ቅቤውን ቀድሞ የገዛ ሰው በዚያው ገንዘብ ለሁለት ቤት ያዳርሳል። የምትሰጡትም በተቻለ መጠን ጥሬው ይሁን። በትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰው ከልጆቻቸው ጋር የሚፈስኩ ወላጆች፣ ወጡ በገዛ ምድጃቸው ሲንጫጫ፣ የቁሌቱ ሽታ ከገዛ ቤታቸው ሲወጣ የሚሰማቸው ደስታ፣ በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት በሰሐን በመጣ ወጥ አይገኝም። ማብሰል ለማይችሉ አዛውንትና ሕመምተኞች ግን የተሠራው ይሂድላቸው፤ ከመጀመሪያው ጭልፋ ተለይቶ፣ በጠዋት፣ ከድፎ ዳቦው ጋር። ዕቃው እስከ ጸሎተ ሐሙስ በእጃቸው ቢገባ ይመረጣል፤ ቅዳሜ ማታ የደረሰ ዶሮ ከደስታው ጋር ችኮላም ያመጣል።

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾሙባቸው ናቸው። በዚህ ጊዜ ከማዕዳችን የሚቀር ነገር ስለሌለ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፤ በጾሙ ወራት በየሳምንቱ ይደርሰው የነበረ ሰው ግን እንደ ቀድሞው ይራባል። የተቀመጠው 3,000 ብር የተለየው ለዚህ ነው፤ ለሰባት ሳምንታት ሲከፈል በሳምንት ከ400 ብር በላይ ይደርሳል። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ሲገባ ሣጥኑ እንደገና ሥራ ይጀምራል። የዚህ ጾም ርዝመት ፋሲካ በዋለበት ቀን ስለሚወሰንና በየዓመቱ ስለሚለያይ፣ እስከ ሐምሌ 5 ያሉትን ሳምንታት ከቀን መቁጠሪያው ላይ ቆጥራችሁ የየሳምንቱን ድርሻ አስቀድማችሁ ደልድሉ፤ ክረምቱም የሚገባው በዚያው ወቅት ስለሆነ፣ ከድርሻው ላይ ጥቂቱን ለሚያፈስ ጣሪያ ማደሻ ቆርቆሮና ለብርድ ልብስ መግዣ ለዩ።